ቫን ስለነበረኝ ቀኝ ክንፍ ነበርኩ

ኳስ አልችልም ነበር። ይህን ቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ በኦክላንዱ የሐበሻ ቡድን ሦስት ዓመት ሙሉ ቀኝ ክንፍ ሆኜ የተሰለፍኩት እግሬ ኳስ ስለሚያውቅ አይደለም። ቫን ስለነበረኝ ነው።

ቫኗ የኤርፖርት መንገደኛ የማመላልስባት እንጀራዬ ነበረች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን ሻንጣ የሚጫንበት ቦታ ላይ ማሊያና ታኬታ ይታጨቅበታል፤ ለአሥር ሰው በተሠራው ወንበር አሥራ አራት ሰው ይቀመጥበታል። መኪና ያላቸው ሌሎችም ነበሩ። አንዱ ግን ታክሲውን እሁድ ይሠራበታል፣ የሌላው መኪና ደግሞ ሳን ሆዜ ድረስ መሄዷን ማንም አይምልላትም። ስለዚህ እኔ ከሌለሁ ቡድኑ የለም።

ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እንዲያውቁት ያደረግኩትም እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ እሁድ አሰልጣኙ ከአሰላለፉ አወጣኝ። በሚቀጥለው እሁድ ደውዬ ፍሬን አስቸግሮኛል፣ ዛሬ አልወጣም አልኩ። አምስት ሰው ብቻ ሜዳ ደረሰ፤ ዳኛው ሰዓቱን አይቶ ጨዋታውን ለሌላው ቡድን ሰጠ። ፍሬኑ ጤነኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰባት ቁጥር ማሊያን ከእኔ በቀር የለበሰ የለም።

የቡድኑ ሰዎች የተማሩ ናቸው። አሰልጣኙ አገር ቤት በስፖርት ትምህርት የተመረቀ፣ እዚህ ፓርኪንግ የሚሠራ ጨዋ ሰው ነው። ጸሐፊው ማታ ማታ አካውንቲንግ ይማራል። ሲሰበሰቡ አጀንዳ ያስይዛሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋሉ፣ «ሥነ ሥርዓት» ብለው እጅ ያወጣሉ። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሀሁን የለየሁት ከዚያ በኋላ፣ አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። አሰላለፉ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሲለጠፍ ሰባት ቁጥርን እፈልጋለሁ፤ ቁጥር አውቃለሁና። እነሱ ዲግሪ ነበራቸው፣ እኔ ቫን ነበረኝ። ለማመካኛ አይደለም ይህን የምጽፈው። ሰው በእጁ ያለው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን እንዴት አድርጎ አንቆ እንደሚይዘው ስላየሁት ነው።

ያ ፈጣን ሰው የመጣው በዲቪ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፍሪሞንት ከተማ ፋብሪካ ገብቶ ሲሠራ፣ አጠገቧ ዩኒየን ሲቲ ከሰዎች ጋር ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ለልምምድ በባቡር ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን አሰልጣኙ ማንም አይደርስበትም ብሎ ወደ ማዕዘኑ አንድ ኳስ ለጋ። ሰውየው ኳሱን አላባረረውም። ቀድሞት ደርሶ ዞሮ ጠበቀው። ሁላችንም ቆመን ቀረን። ከዚያ አንዱ ተከላካይ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «አንተስ፣ እግርህን ቫኑ ውስጥ ረስተኸው ነው የመጣኸው?» አለኝ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን ያን ቀን ቂም ቋጠረ።

እሱም የሚጫወተው ቀኝ ክንፍ ነው። በግራ ሞከሩት፣ ግራ እግሩ አልታዘዘለትም። መሀል አስገቡት፣ የሚሮጥበት ሜዳ አጣ። ስለዚህ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ሲያልበኝ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ይገባል። በዚያች አሥር ደቂቃ ሁለት ጊዜ አግብቷል። እኔ በሦስት ዓመት ያገባሁት አንድ ነው፤ እሱም ጀርባዬን ነክቶ የገባ ነው።

እሱ ግን ይወደኝ ነበር። ነገሩን የከፋ የሚያደርገው ይህ ነው። ሳን ሆዜ ስንሄድ ዩኒየን ሲቲ ጣቢያ ጎራ ብዬ ፒክ አደርገዋለሁ። ቦርሳውን ይዞ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ዝናብ ቢሆን እንኳ ቫኗ እንዳታልፈው ብሎ ጥላ ሥር አይገባም። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይገባል፤ እዚያ ወንበር ላይ እንዲያስቀምጡት የምወስደው ሳይሆን ውለታ የዋልኩለት ይመስለዋል።

በዚያው ሰሞን የከተማችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ ኳሱን በእጃቸው የሚይዙት ማለቴ ነው፣ አንድ በጣም ፈጣን ተጫዋች ነበረው። የሰውየው ሥራ ወደ ፊት ሮጦ ከሩቅ የሚወረወርለትን ኳስ መቅለብ ነው። ከእሱ የሚፈጥን የለም ይባላል፤ ግን አይወረውሩለትም። ሬዲዮው ሳምንቱን ሙሉ ይሽጡት፣ ይለውጡት፣ አይ ይወርውሩለት ሲል ሰነበተ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከኤርፖርት ይዤው ስመለስ አንተስ ምን ትላለህ አለኝ። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ፈጣን ሰው አስቀምጦ መቀለብ ኃጢአት ነው፣ ወይ ይወርውሩለት ወይ ይልቀቁት አልኩት። ስለ ኳስ ታውቃለህ ብሎ አመሰገነኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። የተናገርኩት ስለ ማን እንደሆነ አንዴም አልታሰበኝም።

በዚያው ሳምንት በረኛችን ሥራ ላይ ወድቆ እጁ ተሰበረ። ሳን ሆዜዎች ሁለት በረኛ ነበራቸው። አሰልጣኛቸው ደውሎ አንዱን እሰጣችኋለሁ፣ እናንተ ያን የተቀመጠውን ሯጭ ስጡኝ አለ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካለ አንድ ምግብ ቤት ከበስተጀርባ ባለችው ክፍል ተሰበሰብን። ጸሐፊው የአሜሪካኖቹን ኳስ በጣም ይከታተላል፤ ትሬድ እናድርገው፣ እነሱም እንዲህ ነው የሚያደርጉት፣ ምንም ነውር የለውም አለ። አንዱ ወንድማችንን በበረኛ ልንለውጠው ነው ወይ ብሎ አጉረመረመ። ሌላው ምርቃቱስ ስንት ነው ብሎ አሳቀ።

አሰልጣኙ ዓይኑን ከሻይ ብርጭቆው ሳያነሳ፣ «ከምንሰጠው ብናሰልፈው አይሻልም?» አለ።

የት እንደሚሰለፍ ሁሉም ያውቃል። አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ ጥፍሩን ያያል፣ አንዱ በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ቫኗ ወደ ቆመችበት ያያል። ወደ እኔ ያየ አልነበረም። ያን ሁሉ የተማረ ሰው አፉን የያዘው ይሉኝታ ነው። ሲያመጣንና ሲመልሰን የኖረን ሰው እንዴት አድርገን ውጣ እንበለው። ፈሪዎች ናቸው ብዬ ስንቃቸውና ስሰድባቸው ኖሬያለሁ፤ ዛሬም አልተውኩም። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ፍርሃታቸውን አውቆ የተደገፈበት ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ተነሣሁና ተናገርኩ። ፍጥነት ብቻውን ኳስ አይደለም አልኩ። ኳስ ሲነካ ይርቅበታል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አይከላከልም፣ ቡድን ማለት መተዋወቅ ነው አልኩ። ይህን የምለው ኳስ ከእግሬ እንደ ጥንቸል የሚያመልጠኝ እኔ ነኝ። አንዱ ሳል መጣበት። ቀጠልኩ። በረኛ የሌለው ቡድን ምን ክንፍ አለው፣ እንስጠው አልኩ።

ሰውየው በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማ ነበር። አሰልጣኙ አንተስ ምን ትላለህ አለው። እሱም ተነሥቶ፣ ወደ እኔ እያየ፣ «ጋሼ ካሉ እኔ ቅር አይለኝም። እሳቸው ባይኖሩ እዚህ አገር ኳስ ሜዳም አላይም ነበር» አለ።

እጅ ይውጣ ተባለ። ቀድሞ የወጣው የእኔ ነው።

ከወር በኋላ ከሳን ሆዜዎች ጋር እዚያው ሜዳቸው ላይ ገጠምን። የቀኝ ተከላካያችን ያን ቀን ትኩሳት ይዞት አልመጣም። አሰልጣኙ ረጋ ብሎ ዛሬ አንተ ወደ ኋላ ወርደህ ቀኙን ትይዛለህ አለኝ። እነሱም ፈጣኑን በእኔ በኩል አሰለፉት። ግራ እግሩ ባይታዘዝለትም እኔን ለማለፍ እግር አያስፈልግም፣ ሜዳ ብቻ ይበቃል ብለው መሆን አለበት።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኳሱን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ በአጠገቤ አለፈ። ልከተለው ስዞር እግሬ ተጠላለፈና በደረቴ ወደቅሁ። ከተመልካቹ መሀል አንዱ «ሾፌር፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል» አለ፤ ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ፈጣኑ ሰማ። ከፊቱ በረኛው ብቻ ቀርቶት ነበር። ቆመ። ኳሱን ትቶ ተመለሰና ክንዴን ይዞ አነሣኝ። ይቅርታ ጋሼ፣ ተጎዱ ወይ አለኝ።

ምንም አልሆንኩም ማለት ነበረብኝ። ጉልበቴን ያዝኩ። ፊቴን አጨማደድኩና እያነከስኩ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ጉልበቴን ዝንብ እንኳ አልነካውም። ግን ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ነገር አውቄዋለሁ፤ ስብሰባው ላይ ያየሁት ይሉኝታ ነው። ይጠቅመኛል ብዬ ገመትኩ፤ አልተሳሳትኩም።

ከዚያ በኋላ ኳስ በደረሰው ቁጥር እየበረረ ይመጣል፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ኋላ ያቀብላል። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ነገሩ ፍጹም ግልጽ ሆነልኝ። ሰውየው በአደባባይ ሊያዋርደኝ አልፈለገም። ታላቁ ነኝ፣ ያመላለስኩት ነኝ፣ በእሱ ምክንያት የተጎዳ ጉልበት አለኝ። «እለፈኝ» ብዬ አንዲት ቃል ብናገር በቃ ነበር። በክንድ ርቀት ላይ ነን፣ ማንም አይሰማንም። እኔ ግን የበለጠ አነከስኩ።

የእነሱ አሰልጣኝ ከዳር ሆኖ ሩጥ፣ ምን ሆነሃል፣ ሽማግሌ ትፈራለህ እያለ ጮኸበት። እረፍት ላይ አስወጣው። ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉውን እነሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ እኔ ሜዳ ውስጥ ነበርኩ። በእኛም ቡድን በእነሱም ቡድን እሱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

አዲሱ በረኛችን ጎበዝ ስለነበር አንድ ለዜሮ አሸነፍን። የእኛዎቹ ከበቡኝ። ፈጣኑን ዘጋኸው፣ ዛሬስ ያንተ ቀን ነው አሉኝ። እግሬን ረስቼ መጥቼ እንደሆነ የጠየቀኝ ተከላካይ ሳይቀር ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ውኃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ።

ልንነሣ ስንል ፈጣኑ ቦርሳውን ይዞ መጣና ዩኒየን ሲቲ ትጥሉኛላችሁ ወይ አለ። ከሳን ሆዜ የሚሸኘው አላገኘም መሰለኝ። ገባ። ፍሪዌዩ ላይ ስንወጣ፣ ሲያሞግሱኝ የነበሩት ሁሉ የተኙ መሰሉ። እሱ ብቻ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ይሻለዋል አልኩት። ጣቢያው ጋ ሲወርድ ቤት ሲገቡ በረዶ ያድርጉበት አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሳን ሆዜው አሰልጣኝ ደወለ። ሯጭ ብላችሁ የሰጣችሁን ሰው አይሮጥም፣ አሁንማ ልምምድም ቀርቷል፣ በረኛችንን መልሱ ብሎ ተቆጣ። የእኛ ጸሐፊ ይህን ይዞ መጥቶ በስብሰባ ነገረን። አየህ፣ አንተ ያልከው ትክክል ነበር አሉኝ፤ ልብ የለውም፣ ለኳስ አልተፈጠረም አሉ። ለምን እንዳልሮጠ የሚያውቅ ከመሀላችን አንድ ሰው ነበር። ያ ሰው አጀንዳው እስኪያልፍ አቀርቅሮ ተቀመጠ።

የፈጣኑን ስልክ ቁጥር ከአንዱ ተቀብዬ አንድ ቀን ደወልኩለት። መንገደኛ አውርጄ፣ ቫኗን ኤርፖርት ዳር አቁሜ ነው የደወልኩት። ተመለስ ልለው ነበር። ቦታዬን ውሰድ፣ እኔ መንዳት ይበቃኛል ልለው ነበር፤ ቃሉን ከቤቴ ጀምሮ ሳጠናው ነው የመጣሁት። ድምፁን ስሰማ አፌ ላይ የመጣው ሌላ ሆነ። ና እንጂ፣ ቦታ አይጠፋም አልኩት። የማን ቦታ እንደሆነ አልተናገርኩም።

አመሰገነኝ። እሁድ እሁድ ፍሪሞንት ተጨማሪ ሺፍት መያዙን ነገረኝ። ጉልበቴን ጠየቀኝ። ኳሱስ ቀረ ማለት ነው አልኩት።

«እኔ እኮ እዚያ ቦታ የለኝም ጋሼ» አለ፤ ሽሙጥ የሚባል ነገር በድምፁ ውስጥ አልነበረም። «ደግሞስ ምን ችግር አለ፣ እርስዎ አሉ አይደል?»

አለሁ አልኩት። ያንን ዓመት በሙሉ ተጫወትኩ።