ግራዝማች ያላነሡት ንጉሥ

የልጅ ልጄ ከማያውቀው ሰው ጋር በስልኩ ሰንጠረዥ ሲጫወት ቆይቶ «እማማ፣ እጅ ሰጠ!» ብሎ ሲስቅ፣ መሸነፍን ማመን ለአንዳንዱ እንዴት ይቀለዋል አልኩና፣ ከስንት ዘመን በኋላ የግራዝማች ደምሴ ስም ምላሴ ላይ መረረኝ።

በጃንሆይ ጊዜ አባቴ አርብ ገበያ በምትባለው መንደራችን፣ ግራዝማች ከወንዝ ማዶ ወገዳ ተቀምጠው ነበር ሰንጠረዥ የሚጫወቱት። ሁለቱም መስመር የተሰፋበትን ቀይ ጨርቅ በየቤታቸው ዘርግተው፣ አንዱ ያንቀሳቀሰውን ለሌላው በገበያተኛ አፍ ይልክለታል፤ ጌሾ የጫነ ነጋዴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ፈረሱ ወደ ቀኝ ወጥቷል ብለዋል!» እያለ ሲጮህ፣ አህያው የእናቴን ጎመን ይግጥ ነበር። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ጨዋታውም አብሮ ይቆማል።

ወግም ነበረው። መውጫ እንደሌለው ያየ ሰው ባላጋራውን አያስጠብቅም፤ «ንጉሤን ከጨርቁ ላይ አንሥቻለሁ» ብሎ ይልካል። ያሸነፈው ደግሞ ምነው ዘገዩ ብሎ መጠየቁ ነውር ነው። ዘመኑን ሁሉ «አንሥቻለሁ» ባዩ አባቴ ነበር፤ ያውም ሳይውል ሳያድር።

በታመመበት ዓመት ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የግራዝማችን ንጉሥ መፈናፈኛ አሳጣው። ሊጠይቁት የመጡት የነፍስ አባታችን ጨርቁን አጎንብሰው አይተው «ኧረ ግራዝማች አለቀላቸው!» ሲሉ፣ አባቴ ሳል እስኪያቋርጠው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሥራው መጠበቅ ሆነ። የመንገደኛ ድምፅ በሰማ ቁጥር ራሱን ከትራሱ ቀና ያደርጋል፤ ከወገዳ የሚመጣው ቃል ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እያሰብኩበት ነው ብለዋል።»

«የሚያስቡት ጨዋታውን መሰለዎት?» አለችው እናቴ አንድ ቀን። «ሞትዎን ነው እንጂ!»

«ዝም በይ አንቺ! ጨዋ ሰው ናቸው፤ ይልካሉ።»

አልላኩም። አባቴ ጆሮውን ወደ በሩ እንዳደረገ ሞተ።

ለቀብሩ ግራዝማች በበቅሎ መጡ፤ ከሁላችንም በላይ አለቀሱ። ከዚያም እንደተዘረጋ ወደቆየው ጨርቅ ጠጋ ብለው፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ «ወንድሜ፣ ሳንሸናነፍ ተለያየን!» አሉ። ሰዉ ምን ያለ ፍቅር ነው እያለ ከንፈሩን መጠጠ፤ የነፍስ አባታችን መሬት መሬቱን አዩ። ግራዝማች ለማስታወሻ ብለው ጨርቁን ከነመጫወቻዎቹ ሲለምኑ፣ እናቴ የሚያለቅስ እንግዳ እንዴት ትከልክል? በገዛ እጃቸው ጠቅልለው ወሰዱት።

እናቴም የነፍስ አባታችንም ካለፉ ቆዩ። ስለ ሁለቱ ጨዋታ የሚያወራ ከተገኘ፣ እኩል ነበሩ ነው የሚለው። አልነበሩም፤ አባቴ አሸንፎ ነበር። እንዴት እንዳሸነፈ አሳዪ ብባል ግን፣ ሴት ልጅ ነሽ ብሎ አንድም ቀን ከጨርቁ አጠገብ ስላላስቀመጠኝ፣ የትኛው የት ቆሞ እንደነበር አላውቅም።