በጥርሴ የፈታሁት ቋጠሮ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ተንበርክኬ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው እነሳለሁ። ለልጄም አልነገርኩ። አሁን ለእናንተ፣ ፊታችሁን ለማላየው፣ ልናገር ነው። ለምን ለእናንተ? እኔ እንጃ። ምናልባት ዓይናችሁ ዓይኔ ላይ ስለማያርፍ ይሆናል። ፈሪ ነኝ፤ ይህንንም አብራችሁ ያዙልኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው። ጀዊ የስደተኞች ካምፕ የምትሠራው የልጅ ልጄ ከሥራ ስትመለስ በረንዳ ላይ እያስቀመጠች አስተማረችኝ። "እማዬ፣ መጀመሪያ የራስሽን ስም ጻፊ" ስትለኝ እጄ ሌላ ስም ጻፈ። አሪየት።

"አሪየት ማናት?" አለችኝ።

"የድሮ ሰው ናት" አልኳት። ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ግን አልተናገርኩም። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ከመዋሸት ዝም ማለት ይቀለኛል። በዝምታዬ የጎዳሁት ሰው ግን ከውሸታም ሁሉ የከፋሁ ያደርገኛል።

ጊዜው ጋምቤላ ገና ክልል የተባለችበት ነው። መንግሥት ተለውጦ፣ በየቢሮው በር አዲስ ታፔላ ተሰቅሎ፣ የአገሬው ልጆች ወንበር ላይ መቀመጥ የጀመሩበት። እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሰፈራው ፈርሶ ብዙው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ እኔ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ከቤት ቤት እየዞርኩ ልብስ አጥባለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ በቆሎ እፈለፍላለሁ። በከተማው የማልገባበት ደጅ አልነበረም።

ሲስተር ጥሩወርቅ የፈለገችኝ ለዚሁ ነው። ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ከአንድ የአኙዋ መምህርና ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆና የሸማቾች ማኅበር አቋቁማ ነበር። መንግሥት አይደሉም፣ ነጋዴ አይደሉም፣ ደመወዝም የላቸው። ሥራቸው ገዝቶ ለሚበላ ሰው መቆም ነው። ከመኪና የሚወርደው ዘይት ተበላሽቶ እንደሆነ፣ ክኒኑ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ፣ ዱቄቱ ውስጥ ባዕድ ነገር ገብቶ እንደሆነ አይተው ለሕዝቡ ይናገራሉ። ለማየት ግን መጀመሪያ ሳይታወቅ መግዛት ያስፈልጋል። ሲስተርን ደግሞ ነጋዴ ሁሉ ያውቃታል፤ ገና ከሩቅ ሲያያት ጥሩ ጥሩውን ወደ ፊት ያወጣል።

"አንቺን ማን ይጠረጥርሻል?" አለችኝ። "ዛሬ እዚህ ነሽ፣ ነገ እዚያ። የእኛ ዓይን ሁኚ።"

ዓይን አለችኝ፤ እኔን፣ "ሀ"ን ከ"ለ" የማልለየውን ሴት። ደስ አለኝ፤ እንዴት አይለኝ?

ሥራዬ ይኸው ነበር። በዋናው ጎዳና ያሉትን አምስት ሱቆች በተርታ ዞሬ ከየሱቁ አንድ ዓይነት ዕቃ እገዛለሁ። ከዚያ ባሮ ዳር እወርድና ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ፣ ሲስተር ከአቡጀዴ በሰፋቻቸው ትንንሽ ከረጢቶች እገለብጠዋለሁ። መጻፍ ስለማልችል በከረጢቱ ገመድ ላይ እቋጥራለሁ፤ ለመጀመሪያው ሱቅ አንድ ቋጠሮ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያልኩ እስከ አምስት። ሲስተር ከረጢቶቹን ስትመረምር ቋጠሮውን ሌላ ሰው ይሸፍንላታል፤ የማን ዕቃ እንደሆነ አውቃ እንዳታዳላ። ሁሉም ነገር ለማዳላት እንዳይመች ተደርጎ የተሠራ ነበር። የማዳላት ዕድል ያለው አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም እኔ ነበርኩ።

ቋጠሮውን ያስተማረችኝ አሪየት ናት። ሦስተኛው ሱቅ የእሷ ነው። አባቷም ወንድሞቿም ባሮ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ የአኙዋ ሴት ናት፤ በዚያ ጎዳና ላይ ሱቅ የከፈተች የመጀመሪያዋ የአገሬው ሴት እሷ ነበረች። የመረብ ቋጠሮ ነው፤ ውኃ ቢገባበትም አይላላም። ለምን እንደፈለግሁት አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። እኔ ግራኝ ስለሆንኩ ቋጠሮዬ ተገልብጦ ይወጣል። እያየች ትስቅ ነበር፦ "አንተ ጓደኛዬ፣ ያንተ ቋጠሮ ወደ ኋላ ይሄዳል! ዓሣው ስቆ ያመልጣል!" አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም። በየቀኑ ስታየኝ መጀመሪያ የምትለኝ "አንተ፣ ዛሬ ምን በላህ?" ነው። ሌላ ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር? ማንም።

በርበሬዋን ራሷ ነበር የምትወቅጠው። ዛላውን ከመኪና ትቀበልና ጠዋት ጠዋት ከሱቋ ጀርባ ሙቀጫዋን ታቆማለች። የዘነዘናው ድምፅ ወንዙ ድረስ ይሰማል። ስትወቅጥ ታስነጥሳለች፣ ስትነፋ ታስነጥሳለች፣ ስትሸጥ ታስነጥሳለች። "እኔ ካስነጠስኩ ግዛ" ትላለች ለገበያተኛው፣ "ካላስነጠስኩ ሂድ!" ሰው ይስቃል፣ ይገዛል።

አራተኛው ሱቅ የጋሽ ሰይድ ነው። የእኔ አገር ሰው፣ ከወሎ። መጀመሪያ ሱቁ የገባሁ ቀን ቀና ብሎ፣ "ምን ልስጥሽ፣ እታለም?" አለኝ። እታለም። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠፍቶኝ ጨው ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ምንም ሳያስፈልገኝ እየገባሁ እቆም ነበር። እሱ ከሰው ጋር ሲያወራ እሰማለሁ። የእናቴ ደጅ፣ የጤፉ ማሳ፣ የጠዋቱ ውርጭ፣ ሁሉም በዚያ ሰውዬ አፍ ውስጥ ነበር። ናፍቆት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? እኔን ሌባ አደረገኝ።

አንድ ወር ላይ የተላክሁት በርበሬ ልገዛ ነው። አምስቱን ገዝቼ፣ ገልብጬ፣ ቋጥሬ ጨረስኩ። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቀመስኩ። የጋሽ ሰይድ ጥርሴ ሥር ቅርጭጭ አለ። አልዋጥኩትም፤ መዳፌ ላይ ተፋሁት። ጡብ ነው። የተፈጨ ጡብ። ምስክር አላስፈለገኝም፤ ምላሴ ነገረኝ።

ማኅበሩ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። መጀመሪያ ለባለሱቁ በጓዳ ይነገረዋል፤ አጥፍቻለሁ ብሎ ዕቃውን ከደፋ በዚያው ያበቃል። ካልሆነ ቅዳሜ ገበያ ላይ ስሙ በሦስት ቋንቋ ይጠራል። እኔ ግን የታየኝ ጋሽ ሰይድ አፍሮ ዕቃውን ሲጭን ነው። ሱቁ ተዘግቶ፣ ያ ድምፅ ከዚህ ከተማ ሲጠፋ ነው። አሪየትስ? አሪየት አገሯ ነው አልኩ። ወንዙ የእሷ፣ ሰዉ የእሷ። አንድ ቀን በጓዳ ቢነገራት ምን ትሆናለች? ትስቅበታለች። እንዲህ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ሰይጣን አላለኝም፣ ሰውም አላለኝም።

ከጋሽ ሰይድ ከረጢት አራት ቋጠሮ አንዱን ፈታሁ። በአሪየት ከረጢት ሦስት ቋጠሮ ላይ አንድ ጨመርኩ። በቃ ይኼው ነው ያደረግሁት። የመረብ ቋጠሮ በጣት አይፈታምና በጥርሴ ይዤ ሳብኩት፤ ጡቡ ገና ጥርሴ ላይ ነበር።

ሲስተር ባለ ሦስት ቋጠሮውን በርበሬ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስትጨምረው ቀዩ ደለል ከታች ተኛ። ቋጠሮው ተገልጦ ሲቆጠር የአሪየት ሆነ። ሲስተር አዘነች፣ "ምነው እሷ!" አለች። ሄዳ በጓዳ ነገረቻት።

አሪየት እምቢ አለች። እኔ ያላሰብኩት ይህንን ነበር። ያጠፋ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ይደፋዋል። ያላጠፋ ሰው ምኑን ይቅር በሉኝ ይበል? "ግቡ፣ እዩት፣ ብሉት" አለቻቸው። ከተነገራት በኋላ ያለው በርበሬ ንጹሕ ቢሆን ምን ይገርማል ብለው አልተቀበሏትም። ሌላው ነጋዴ ቢሆን ተፈጭቶ ነው የመጣልኝ ይል ነበር። እሷ ይህንንም ማለት አትችልም። ራሷ እንደምትወቅጠው ከተማው ሁሉ ያውቃል። የምትኮራበት ነገር ማምለጫዋን ዘጋባት። እኔስ ያኔ ለምን አልተናገርኩም? ሦስት ቀን ነበረኝ። ሦስቱንም ቀን በሱቋ ደጅ አለፍኩ። ሦስቱንም ቀን "ዛሬ ምን በላህ?" አለችኝ፤ እኔም መለስኩላት። ጎመን በላሁ አልኳት።

ቅዳሜ ገበያው ሞላ። መምህሩ በድምፅ ማጉያ በአኙዋኛ ተናገረ፣ አንድ የኑዌር ሽማግሌ በኑዌርኛ፣ ሲስተር በአማርኛ። የአሪየት ስም ሦስት ጊዜ ተጠራ። እሷ ራሷ መጥታ ከፊት ቆማ ነበር።

ከሰዉ መሃል አንዱ፣ "አሪየት! አስነጥሺልን እንጂ!" አለ።

"ጡብም ያስነጥሳል እንዴ?" አለ ሌላው። ገበያው በሳቅ አውካካ። ያ ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እሷ ቀስ ብላ ወደ ሲስተር ሄደች። "ከረጢቱን አሳየኝ" አለች። ተቀበለች። ውስጡን አላየችም፤ ገመዱን ነው ያየችው። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ተገልብጠው የተቋጠሩ። ከሦስተኛው አልፋ ገመዱ የተጨማደደበት፣ የጥርሴ ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"ይሄን ማነው የቋጠረው?"

"የሚገዛልን ሰው አይነገርም" አለች ሲስተር። "ሕጋችን ነው።"

አሪየት ቀና አለችና በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን ብቻ አየችኝ። ሁሉንም አወቀች። አንድ ቃል ብትናገር፣ በጣቷ ብትጠቁመኝ፣ ያበቃ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? እግሬን አየሁ።

"እሺ" አለች። "አይነገርም ካላችሁ አይነገር።"

ከረጢቱን መለሰችና በአጠገቤ አለፈች። ዛሬ ምን በላህ አላለችኝም።

በሳምንቱ ሱቋ ተዘጋ። ሙቀጫዋን ታንኳ ላይ ጭነው ወንዙን ይዘው ሲወርዱ አይቻለሁ፤ ማንጎው ሥር ሆኜ፣ ቋጠሮውን በፈታሁበት ቦታ። አልተጣራሁም። ጋሽ ሰይድ የእሷ ነገር አስደንግጦት በርበሬውን ሁሉ ደፋ፤ ማን እንዳዳነው ሳያውቅ። ክረምቱ ሳያልቅ ደግሞ አገር ቤት ሚስት ታጭታለት፣ "ቸር ሰንብቺ፣ እታለም" ብሎኝ ሄደ። ያንን ድምፅ ልይዝ ብዬ ነው ያደረግሁት። ለአንድ ክረምት እንኳ አልቆየልኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነብኝን ልንገራችሁ። የወሎ ናፍቆት ተወኝ። የእናቴ ደጅ፣ ውርጩ፣ ማሳው ሁሉ ከውስጤ ወጣ። በቦታው የገባው የዘነዘና ድምፅ ነው። ጠዋት ስነሳ ጆሮዬ ያዳምጣል። በርበሬ የሚወቀጥበት ቤት ካለፍኩ እግሬ ይቆማል። አንዲት ሴት ካስነጠሰች እዞራለሁ። ሰው አገሩን ሲናፍቅ እመለሳለሁ የሚለው ቦታ አለው። እኔ የናፈቅሁት ግን ራሴ ያባረርኩትን ሰው ነው፤ ወዴት ልመለስ?

ለማኅበሩ መግዛቱን ተውኩ። ጉልበቴ ደከመ አልኳቸው። ዞርኩ። አሪየት ኢታንግ አለች ሲሉኝ ኢታንግ፣ አቦቦ፣ ወደ አልዌሮ ግድብ ሄዳለች ሲሉኝ አቦቦ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልጋት ዞርኩ ብላችሁ ውሸት ነው። ግማሹን የዞርኩት ስሸሻት ነው። አንድ ጊዜ አቦቦ፣ አንዲት ሴት ከጭቃ ቤት ጀርባ ስትወቅጥ ሰማሁ። ራሴን ሳላሳይ ጆሮዬን ብቻ ጥዬ ቆምኩ። እሷ ትሁን ሌላ ሰው አላጣራሁም። ዞሮ ቢያየኝስ ዓይኗ? ተመለስኩ። ይኸውና ሁለተኛው ጥፋቴ።

ያልተማርኩ ነኝ፣ ስደተኛ ነበርኩ፣ ናፍቆኝ ነው ብዬ ላመልጥ አልፈልግም። አሪየትም አልተማረችም። እሷ ግን እኔን ማጋለጥ በምትችልበት ሰዓት ዝም አለች፤ እኔ እሷን ማዳን በምችልበት ሰዓት ዝም አልኩ። ሁለታችንም ዝም ነው ያልነው፤ አንድ ዝምታ ግን አይደለም።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ስሟ ገበያ መሃል የጠፋው በሦስት ቋንቋ ነው። እኔ የምጽፈው በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ገና እየተማርኩ። የቀሩትን ሁለቱን የምታውቁ፣ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ፣ በአቦቦ የምታልፉ፣ ይህቺን ብቻ በአፋችሁ አድርሱልኝ፦ ጡቡ የአሪየት አልነበረም። የእሷ በርበሬ ንጹሕ ነበር። ቋጠሮውን የፈታሁት እኔ ነኝ።