የማክሰኞው መጠይቅ

ሚስ ሎርና ቲልፎርድ አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ ባለ አንድ የልጃገረዶች የአእምሮ ጤና ማገገሚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ዲግሪ የላቸውም፤ ስለዚህ በቤቱ ደንብ መሠረት ምንም አያውቁም። ቁርስ ያበስላሉ፣ ልጆቹን ቤቱ ለሕክምና ብሎ ከሚያረባቸው ፈረሶች ጋ ያደርሳሉ፣ ያለቀሰች ካለች አጠገቧ ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ ግን በጥናት አልተረጋገጠም።

በጥናት የተረጋገጠው የማክሰኞው መጠይቅ ነው። ልጆቹ በየሳምንቱ ሠላሳ ጥያቄ ይሞላሉ፤ ኮምፒውተሩም ሐዘናቸውን ደምሮ ቀይ ወይም አረንጓዴ መስመር ያወጣል። አረንጓዴ ያመጣች ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄዳ ታድራለች። ልጆቹ መቼም ሞኞች አይደሉም፤ ስለ እንቅልፍ ሲጠየቅ ምን እንደሚመለስ ነባሯ አዲሷን ታስጠናለች። የቤቱ የስኬት ዘገባ በየዓመቱ ያስቀናል።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ብሪን ስምንት ወር ሙሉ አረንጓዴ ነበረች። ስምንት ወር ሙሉ ደግሞ ማንንም ቀና ብላ አላየችም። አንድ ማክሰኞ ግን እውነቱን ሞላች፤ መስመሩ ቀላ። የቤቱ ኃላፊ ዶክተር ፕሬስኮት ደግ ሰው ናቸውና በጣም አዘኑ። ልጅቷ ወደ ኋላ ተመልሳለች ብለው ለታናሽ እህቷ ለዊላ ልደት እንዳትሄድ ከለከሏት።

ሚስ ሎርና ስብሰባ ላይ እጃቸውን አወጡ። ስትዋሽ ሸልመናት፣ እውነት ስትናገር ልንቀጣት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ዶክተሩ በትሕትና አዳምጠው፣ ለዚህ ማስረጃ ይኖርዎት ይሆን አሏቸው። አልነበራቸውም፤ የሚያውቁት ልጅቷን ብቻ ነው። ዶክተሩ ግን ሩኅሩኅ ስለሆኑ፣ ዓርብ እንደገና እንድትሞላ ፈቀዱላት።

ዓርብ ጠዋት ብሪን ወጥ ቤት መጣች።

"ሚስ ሎርና፣ በሁለት ደቂቃ አረንጓዴ ላደርገው እችላለሁ።"

"አውቃለሁ። ሌሎቹን ስታስጠኚ ሰምቼሻለሁ።"

"ታዲያ ምን ልሙላ? ለልደቷ ካልሄድኩ ዊላ ትረሳኛለች።"

ሚስ ሎርና እንቁላሉን መገልበጥ ተዉ። ዋሺ ቢሏት ልጅቷ ቤቷ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለማንም እውነት አትናገርም።

"እውነቱን ሙዪ" አሏት። "ዊላን እኔ አመጣታለሁ።"

ብሪን እውነቱን ሞላች፤ መስመሩ እንደገና ቀላ። የእሁድ ጠያቂ በደንቡ አልተከለከለም፤ ችግሩ የብሪን እናት መኪና ተበላሽታ ከቆመች ዓመት ሊሞላት መሆኑ ነው። ሚስ ሎርና በዕረፍት ቀናቸው አራት ሰዓት ነድተው ሄዱ፣ አራት ሰዓት ነድተው ተመለሱ፤ እናትን፣ ዊላን እና መንገድ ላይ የተጨፈለቀ ኬክ ይዘው። ብሪን እህቷን አቅፋ ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየች።

ዶክተር ፕሬስኮት ብቅ ብለው፣ ይህ በየትኛው የሕክምና ዘዴ ሥር እንደሚመዘገብ ጠየቁ። ሚስ ሎርና ለኬኩ ሹካ እንዲያቀብሏቸው ለመኗቸው።