የእናቴ መልክ በስድስት ቀለም

እናቴ ጠይም አይደለችም፤ ጥቁር ናት። ወሎ ተወልዳ ዶሮ ማነቂያ ያረጀች፣ በመልኳ አንድም ቀን አፍራ የማታውቅ ሴት። ባለፈው ኢድ አዲስ ቀሚሷን እንደለበሰች በስልኬ ፎቶ አነሳኋትና ትልቅ አድርጌ ላሳጥበው ፒያሳ ወዳለ ፎቶ ቤት ወሰድኩት።

ታጥቦ ሲመጣ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆየችበት።

"ይህቺ ሴትዮ ማናት?" አለችኝ።

"አንቺ ነሽ እንጂ!"

"እኔ? እኔ መቼ ነው እንዲህ የገረጣሁት? ታማ የተነሳች ነው የምትመስለው።"

እውነቷን ነበር። ፊቷ ነጥቷል፣ የግንባሯ መስመሮች ጠፍተዋል፣ የራሷ ሆኖ የቀረው አንገቷ ብቻ ነው።

ፎቶውን ይዤ ተመለስኩ። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ከሰማኝ በኋላ ፈገግ አለ።

"እህቴ፣ አሳምሬያት ነው። ሰው ሁሉ ቀላ ብሎ መውጣት ነው የሚወደው።"

"እሷ አልወደደችውም። እንደነበረች አድርገህ አትምልኝ።"

"እንደነበረች ካተምኳትማ ከቀሚሷ በቀር ምኗ ይታያል!" ብሎ ሳቀ። ወረፋ የያዙትም አብረውት ሳቁ። "ካልተስማማሽ ቤትሽ አትሚያ።"

"አትማለሁ!" አልኩት።

ፕሪንተር አልነበረኝም። ስለ ፕሪንተር የማውቀውም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማውጣት ብቻ ነው። ቃሌ ግን ከአፌ ወጥቷል።

ወንድሜ ሲሰማ ራሱን ያዘ። "ለአንድ ፎቶ ብሎ ፕሪንተር የሚገዛ ሰው አለ? ስልክሽ ላይ አለችልሽ አይደል?"

"ስልክ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም" አልኩት።

መጀመሪያ ከሥራ ባልደረባዬ በካርትሬጅ፣ ማለት በምትቀየር ትንሽ የቀለም ሣጥን፣ የሚሠራ ትንሽ ፕሪንተር ተዋስኩ። ገና ጥቂት ፎቶ እንዳወጣሁ ቀለሙ አለቀና እናቴ ከአገጯ በታች ሮዝ ሆና ወጣች። እሱን መልሼ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ወዳለ ሱቅ ወረድኩ። እዚያ ቀለማቸው ከጠርሙስ የሚሞላ ሁለት ፕሪንተሮች ነበሩ፤ አንዱ ባለ አራት ቀለም፣ አንዱ ባለ ስድስት።

"ያው ናቸው፣ ሁለቱም ፎቶ ያወጣሉ" አለኝ ሻጩ።

"በሁለቱም አውጥተህ ካላሳየኸኝ አልገዛም።"

እያጉረመረመ አወጣልኝ። ባለ አራቱ ጉንጯን በነጠብጣብ ሞላው፤ የፊቷ ጥላም ወደ አረንጓዴ ሄደ። ባለ ስድስቱ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ተጨምሮበታል፤ ከጉንጯ እስከ አገጯ ጥቁረቷ ሳይቆራረጥ ወረደ። እሱን ታቅፌ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ቀለሙ ሲጎድል ከሌላ ሱቅ "ምንም ልዩነት የለውም" ያሉኝን ርካሽ ቀለም ገዛሁ። አላመንኳቸውም። ፕሪንተሩ በራሱ ቀለም ያወጣውንና በርካሹ ያወጣውን ጎን ለጎን አድርጌ፣ ግማሽ ግማሻቸውን በካርቶን ሸፍኜ፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮቴ ላይ ለጠፍኳቸው።

"እናትሽን እንደ በርበሬ አሰጣሻት እንዴ?" ይሉኝ ጀመር በደጄ የሚያልፉ ጎረቤቶች።

"እስክትደርቅ ነው!" እላቸዋለሁ።

ከሳምንታት በኋላ ካርቶኑን ስገልጠው በርካሹ ቀለም የወጣችው እናቴ ፀሐይ የመታው ግማሽ ፊቷ ሸክላ መስሏል። የፕሪንተሩ የራሱ ቀለም ብዙም አልተነካም። ውሃ ጠብ ሳደርግባቸው ግን ሁለቱም ተበላሹ፤ መስታወት ያለው ፍሬም የግድ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፊቷ አሁንም ትንሽ ነጣ ብሎ ነበር የሚወጣው። ፕሪንተሩን ስረግም ከረምኩ። ለካስ ጥፋተኛው ስልኬ ነው፤ ገና ሲያነሳ ያለ ፈቃዴ ፊት ያነጣል፣ መስመር ያጠፋል። ያንን የስልኩን ማሳመሪያ ዘጋሁትና እናቴን በማለዳ በራፍ ላይ አስቀምጬ እንደገና አነሳኋት።

ፎቶው ወጥቶ ሲደርቅ ሰጠኋት። ጣቷን ሳታስነካ ግንባሯን፣ ከዚያ ጉንጯን፣ ከዚያ አፏን አየች።

"የጎደለው ጥርሴም ታይቷል" አለች።

"ላጥፋልሽ?"

"ምን ሲደረግ! እኔ ነኝ የጎደለብኝ፤ ይታይ!"

ሳሎን ሰቀልነው። ፎቶውን ያየች ጎረቤታችን በሳምንቱ መጣችና "እኔንም አትሚኝ" አለች። አነሳኋት። ገና ፕሪንተሩ ሳይጀምር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ትንሽ ቀላ አድርጊኝ፣ እሺ?" አለችኝ።

"አላደርግም" አልኳት።

"ምን ይጎዳሻል?"

"አላደርግም። ፒያሳ ፎቶ ቤት ሞልቷል።"

ተቀይማ ወጣች። እስከ ዛሬም በደጄ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። እናቴ ራሷ ተቆጣችኝ፦ "ምን አገባሽ? ፊቱ የሷ አይደል?"

ፊቱ የሷ ነው፤ እሱን አልካድኩም። ፕሪንተሩ ግን የኔ ነው።