ጀማል በካርታ ላይ የሠራው መንገድ

ባለፈው ሳምንት ደሴ መናኸሪያ ላይ መኪና ልከራይ ስል ሾፌሩ ስልኩን ከፍቶ፣ «ጋሼ፣ እስከ መንደራችሁ ድረስ መኪና ያስገባል እኮ» አለኝ። አየሁት። ጫካውን ሰንጥቆ የሚወጣ ወፍራም መስመር ነው። ድንቄም መንገድ! የጀማል ሥራ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ።

ሪያድ እያለን ነው፤ እኔ መላዝ ሰፈር ሾፌር፣ እሱ ሱለይ ሰፈር የመጋዘን ሠራተኛ፣ የአንድ ወረዳ ልጆች። ዓርብ ዓርብ ሩዝ በሥጋ ከብሳችንን በልተን ስናበቃ ላፕቶፑን ይከፍትና ማንም የሚያርመውን የኢንተርኔት ካርታ ያሠራኝ ነበር። የአገራችንን የጽድ ጫካ ከሳተላይት ፎቶ እያየን ዱካውን እናሰምራለን። የሪያድ ሐምሌ በሙቀቱ ደጅ አያስወጣም፤ እኛ ስለ ወሎ ጭቃ እንከራከራለን። ሕጉን ያስተማረኝ እሱ ነው፦ ጠጠር የለበሰው ለብቻ፣ ትራክተር ብቻ የሚደፍረው ለብቻ፣ የእግር መንገዱ ለብቻ ይመደባል። ሌላ ሰው ተሳስቶ ካገኘ ሲሳደብ ይውላል።

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ እዚያው ሪያድ ራውዳ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራውን እህቴን ዘይነባን ላግባ ያለው። እሷም አልጠላችውም። ብቻ አገር ገብታ እሱ መንደር መኖሩን ትፈራለች። እናታችን ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ስትወርድ እዚያው ጫካ ውስጥ ነው የሞተችው። ዘይነባ መኪና በማይገባበት አልወልድም ብላ ቆርጣ ነበር።

እሱ ምን አደረገ? ያንኑ የእግር መንገድ በካርታው ላይ ጠጠር አለበሰውና ምስሉን ላከላት፤ ከወጣን ወዲህ ተሠራ አላት። ዘይነባ አክስታችን ጋ ደወለች። አክስታችን ዛሬም በሽተኛ በቃሬዛ እንደሚወርድ ነገረቻት።

አልጮኸችም። «ወንድም ጋሼ፣ መዋሸቱን ልለፈው» አለችኝ። «ግን ያጥፋው። ሌላዋ ምጥ የያዛት ካርታውን አምና መኪና ትጠብቃለች።»

ነገርሁት። «ወንድሜ፣ ኢንሻአላህ ነገ ይሠራ የለ? በሴት ትእዛዝ ካርታ አላርምም» አለኝ። እኔ ባርመው በማግስቱ መልሶ ጠጠር አለበሰው። ሰው ሲያርም የኖረ አፍ! ያን ቀን ናቅሁት፤ ዛሬም እንቀዋለሁ። ዘይነባም ኸላስ፣ በቃኝ አለች። ሌላ አግብታ፣ ልጆቿን ሐኪም ቤት ወልዳ፣ ከሚሴ አስፋልት ዳር ትኖራለች።

እዚያው ደሴ መናኸሪያው ላይ ስልኬን አውጥቼ መስመሩን ወደ እግር መንገድ መለስሁት። ያዘዝሁት ሻይ እስኪመጣ እንኳ አልፈጀም። ዘይነባን የምታህል ሴት ያጣው ይህችን ታህል ሥራ ንቆ ነው። ካርታው ለምን እንዳረምሁ ምክንያት ሲጠይቀኝ፣ «መኪና አይገባም፤ እናቴ የሞተችበት ነው» ብዬ ጻፍሁ። እስቲ አሁን ይመልሰው።