በሎሚ የታጠበች ሜዳሊያ

ብስክሌት ጠጋኙ ፓክ ንጋዲዮ፣ በእኛ አባባ ንጋዲዮ፣ ያለችው አመል አንዲት ናት፤ የሳርዊዲን ዕቃ መሰብሰብ። ሳርዊዲ ማለት የሶሎ ከተማ እግር ኳስ ቡድን አጥቂ፣ ንጋዲዮ በልጅነቱ ከጎል ጀርባ ሆኖ ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸለት ሰው ነው። ማሊያውን፣ ጫማውን፣ ዋንጫዎቹን፣ የምስክር ወረቀቱን ሳይቀር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለቃቅሞ፣ ከአያቱ ጩቤ ጎን በመስታወት ቁም ሣጥን ደርድሯል። የቀረችው ሳርዊዲ በሌላ ደሴት በተደረገ ውድድር፣ በኮከብ ጎል አግቢነት የተሸለማት የወርቅ ሜዳሊያ ብቻ ነበረች።

ሳርዊዲ ሲሞት ሚስቱ ቡ ላስትሪ፣ እማማ ላስትሪ እንደ ማለት፣ ራሷ አምጥታ ንጋዲዮ እጅ ላይ አኖረችለት።

«በሞተ በሺኛው ቀን ድግስ ግን ይዘዋት ይመጣሉ፣ ፓክ። ነፍሱን የምንሸኘው እሷን ፊታችን አስቀምጠን ነው።»

ማለላት። ምን ዋጋ አለው! ሜዳሊያዋ ከገባች ወዲህ እንቅልፍ ጠፋ። ሊነጋጋ ሲል ሳርዊዲ በሕልሙ እየመጣ ቁም ሣጥኑ ፊት ይቆምና ደረቱን ይዳብሳል። ንጋዲዮ በላብ ተጠምቆ ይነቃል።

«የሞተ ሰው ዕቃ ቤት ሙሉ ሰብስበህ፣ ማን እንዲመጣልህ ነበር? ዘፋኝ?» ትለዋለች ሚስቱ ታርሚ።

«ዝም በይ አንቺ! ሰውዬው የጎደለበት ነገር አለ።»

ከዚያ የሱሮ ወር ገባ፤ የአባት የአያት ጩቤ የሚታጠብበት ወር። ያኔ ተገለጠለት፤ ሜዳሊያዋ አልታጠበችማ! እንደ ጩቤው በሎሚና በአመድ ፈትጎ ፈትጎ፣ አበባ በተነሰነሰበት ውሃ አለቀለቃት። የጩቤ ዝገት የሚያስለቅቅ ነገር ሜዳሊያን ምን እንደሚያደርጋት ለአፍታ አላሰበም፤ ወይ ሞኝነት! ወርቁ ለካ ቅብ ኖሯል፤ እየተላጠ ከውሃው ጋር ሄደ። ከሥሩ ብር ወጣ። ቅቡ ደፍኖት የነበረ ጽሑፍም በጀርባዋ ተነበበ፦ «ሁለተኛ ጎል አግቢ»።

የሚወደው ሰው ዋሽቶታል። ላስትሪስ ይህን ታውቅ ይሆን? ወርቅ አስቀብቶ ቢመልስላት ማን ያውቅበታል? ወርቅ ሠሪው ደጃፍ ሁለቴ ደርሶ ሁለቴ ተመለሰ። ያ ደረቱን የሚዳብስ ሰው ዓይኑ ላይ እየመጣ አላስችል አለው።

በሺኛው ቀን፣ እንግዳው ሳይሰበሰብ ሴቶቹ የድግሱን ሩዝ ሲከምሩ፣ ጓዳ ድረስ ገብቶ ሜዳሊያዋን የቋጠረበትን መሐረብ ለላስትሪ ፈታላት።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ቡ። ክብር የሰጠኋት መስሎኝ አጠብኳት።»

ላስትሪ ብሯን አገላብጣ አየች። አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ከውድድሩ ሲመለስ ከቡድኑ ቀድሞ ተደብቆ ቤት ገባና እንደ ሕፃን አለቀሰ። 'ሰፈሩ ወርቅ ነው የሚጠብቀኝ' አለኝ። ሁለት ቀን ደበቅኩት። በሦስተኛው ወርቋን አጥልቆ ወጣ፣ በከበሮ ተቀበሉት።» ሜዳሊያዋን መልሳ መሐረቡ ላይ አኖረች። «ያጠቡበትን ውሃ የት ደፉት፣ ፓክ?»

«ጓሮ፣ ሙዙ ሥር።»

«የሰርግ ጉትቻዬ ነበር» አለች፣ ባዶውን የጆሮዋን ቀዳዳ እየነካካች። «አቅልጠው የቀቧት እሱን ነው።»

ሳርዊዲ ከዚያ ወዲህ በሕልሙ አልመጣም። ንጋዲዮ ግን እስከ ዛሬ ድረስ፣ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት፣ ሙዙ ሥር ተንበርክኮ አፈር በወንፊት ይነፋል።