«ትዕግስትን አዝላለሁ»

ነገሩ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ የበልጉ ዝናብ ዲላን ያለ እረፍት በሚያጥብበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ቦርሳ ያዘለ ተማሪ መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ስሄድ የሚያዩኝ ሰዎች «ምን ተገኘ?» ይሉኛል። ምን እንደተገኘ ልንገራችሁ።

እኔ ቡና መጋዘን ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። ጆንያ ሲጫንና ሲራገፍ ስቆጣጠር እውላለሁ። ሜሮን የምትባል አንዲት ልጅ አለችን፤ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወገቧን ይዛ መቀመጥ ጀመረች። መጀመሪያ የጨዋታ ድካም መሰለን። እየቆየ ግን ጫማዋን ለመፍታት ጎንበስ ስትል ፊቷን ታጨማድድ ጀመር። አንድ ቀን ባለቤቴ ልብሷን ስታወልቅላት ትከሻዋ ላይ ቀይ ሰንበር አይታ ጠራችኝ።

ጎረቤት መቼም ዝም አይልም። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ ሌላው ወጌሻ ይያት አለ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ የአከርካሪ ነቀርሳ ይዞት ስለነበረ የዘመዷ ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቃት ከሀ እስከ ፐ ተረከችልኝ። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ፈሪ ነኝ። ልጄ ጎብጣ ስታድግ እየታየኝ ሥራ ላይ ሐሳቤ ይበተን ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጸሎት አስያዝኩላትና በማግስቱ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት ወጣሁ።

ስንወጣ ቦርሳዬን ካልያዝኩ ብላ ድርቅ አለች። ዛሬ ትምህርት የለም፣ ታመሻል ብላት አልሰማ አለች፤ ከዚያ ስንመለስ ክፍል እገባለሁ ብላ አለቀሰች። ልሸከምልሽ ብላትም እምቢ አለች። በሆዴ ኮራሁባት። ወትሮም ጠዋት ከሁሉም ልጆች ቀድማ ትምህርት ቤት ትደርሳለች እያልኩ ሠፈሩን በጉራ አሰልችቼው ነበር። ባጃጅ ጠርቼ ከነቦርሳዋ ወሰድኳት።

የመረመረችን ወጣት የጤና መኮንን ናት። ሜሮንን አስጎንብሳ፣ አስቁማ፣ ጀርባዋን በጣቶቿ እየተጫነች አየቻት። አጥንቷ ላይ የሚያሰጋ ነገር አላገኘሁም ስትለኝ መተንፈስ ጀመርኩ። ቀጥላ ግን ሴት ልጅ ሁሉ የምትጠየቀውን ጠየቀቻት።

«ቤት ውስጥ ሕፃን ታዝያለሽ?»

ሜሮን እኔን ሰረቅ አድርጋ አየችኝና «ትዕግስትን አዝላለሁ» አለች።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። አስተያየቷን ስላልወደድኩት እኛ ቤት ሕፃን እንደሌለ ለመማል ምንም አልቀረኝም። የጎረቤቶቻችንን ልጆች በሐሳቤ አንድ በአንድ ብፈልግም ትዕግስት የምትባል አላገኘሁም። ሐኪሟ ለስለስ ብላ ትዕግስት ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቀቻት። እንደኔው ዘጠኝ ናት አለች ልጄ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አዝላ እንዴት እንደምትራመድ እያሰላሰልን ሳለ፣ ሜሮን በሩ ሥር ያስቀመጠችውን ቦርሳ በጣቷ አሳየችን።

ሄጄ አነሳሁት። ጆንያ የለመደው ክንዴ ራሱ ደነገጠ። ስከፍተው ሁሉም መጽሐፍ ሁለት ሁለት ነው፣ ደብተሩም እንደዚያው።

ያን ጊዜ እያለቀሰች ነገረችን። ትዕግስት አብራት አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ከከተማው በላይ ካለው ገጠር፣ በእንሰትና በቡና መሐል በሚያልፍ ቀጭን መንገድ በእግሯ ትመጣለች። መጽሐፎቿን የምትይዘው በስስ ፌስታል ነበር። ዝናቡ አንዴ ሁሉንም አበስብሶባት አባቷ ተቆጥተው፣ ሁለተኛ ካራስሽ ቤት ትቀሪያለሽ ብለዋታል። ስለዚህ ሲለቀቁ መንገዱ የሚለያይበት ጋ ሲደርሱ «በይ እዘይኝ» ብላ ሁሉንም ለሜሮን ትሰጥና ባዶ እጇን ሽቅብ ትሮጣለች። ጠዋት ደግሞ ልጆቹ ሳይገቡ ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ተገናኝተው የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። የኔ ጉራ ምስጢሩ ይኸው ነበር።

«አባዬ፣ ካላዘልኳት ትቀራለች» አለችኝ።

እንባዬ መጣ፤ ሐኪሟም የሌለ ነገር የምትፈልግ ይመስል መሳቢያዋን ከፈተች። ከዚያ ሜሮንን አጠገቧ አቁማ ቦርሳውን በሁለቱም ትከሻዋ አስያዘቻት። ከወገቧ በታች ተንጠልጥሎ ወደ ኋላ እንዳይጎትታት ማንገቻውን አሳጠረችላት፣ ከባድ ከባዱን መጽሐፍ ወደ ጀርባዋ አስጠጋችው። የዕለቱ ትምህርት ያልሆነው ቤት ይዋል አለችኝ። ሁለት ተማሪ ግን በአንድ ጀርባ አይሆንም አለች፣ እየሳቀች።

የዚያን ቀን ቦርሳውን እኔ ተሸክሜ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ዕረፍት ላይ ነበሩ። ቀጭን ልጅ በሩን ተደግፋ መንገድ መንገዱን ታያለች። ቦርሳውን እኔ ትከሻ ላይ ስታየው ልትሮጥ ቃጣት። ሜሮን ደርሳ እጇን ያዘቻት። አይዞሽ፣ አልተቆጣሁም አልኳት፤ መጽሐፏን ሰጥቻት፣ ሌላ መላ እስክናገኝ እኔ ራሴ አመላልስልሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

መላው ያለው መጋዘናችን ውስጥ ነበር። ቡናው እርጥበት እንዳይገባው ጆንያው ውስጥ የሚደረግ ወፍራም ላስቲክ አለ። ጫፉ የተቀደደና ሊጣል የነበረ አንዱን ከአለቃዬ ለመንኩ። በጆንያ መርፌ ቦርሳ አድርጌ ሰፋሁት፣ ስፌቱን በፕላስተር ሸፈንኩት፣ አፉ ተጠቅልሎ እንዲታሰር አደረግኩና ሰፋፊ ማንገቻ ሠራሁለት። ባለቤቴ አይታው «ልጅቷን ኤክስፖርት ልታደርጋት ነው?» አለችኝ። ውስጡ አሮጌ ጋዜጣ ከትቼ ውኃ በጀሪካን አፈሰስኩበት። ጋዜጣው ደረቅ ወጣ።

ለትዕግስት የሰጠኋት ዕለት ማታ ሰማዩ የተቀደደ እስኪመስል ዘነበ፤ ሲነጋም አላባራም። አላስቻለኝም፤ ጠዋት ከሜሮን ጋር መንገዱ የሚለያይበት ሄጄ ቆምኩ። ትዕግስት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ከፀጉሯ ውኃ እየተንጠባጠበ መጣች። ላስቲኩን ፈታ ደብተሯን አወጣችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ ንካው፤ ደረቅ ነው።»

ነካሁት። ከዚያ ወደ ሜሮን ዞራ «ዛሬ ራሴን አዝዬ መጣሁ» አለቻት።

አሁን ሁለቱም አራተኛ ክፍል ናቸው። የሜሮን ወገብ ድኗል፤ ማታ ማታ የነገውን ትምህርት አይታ የማይፈለገውን ከቦርሳዋ ታወጣለች። እኔ ግን ፈሪነቴ አልለቀቀኝም። ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ዝናቡ የመጋዘናችንን ቆርቆሮ ሲመታ፣ ድሮ የማስበው ቡናውን ነበር። ዛሬ መጀመሪያ የምትታየኝ በዚያ ቀጭን መንገድ ሽቅብ የምትሄደው ልጅ ናት። እኔም ትዕግስትን ማዘል ጀምሬያለሁ መሰለኝ፤ ወገቤን ግን አላመመኝም።